ኩሽኔታውን ማን በላው?

ዛሬ የምጽፈው ስለ ስብሰባም ስለ ወረቀትም አይደለም። ስለ አንዲት ጀልባ ነው። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ዞሮ ዞሮ እኛው ቤት ይገባል።

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ነው። ገና የጁጃ ሮድ ማታቱዎች ጡሩንባ ሳይደምቅ በሬ ተንኳኳ። ኢስትሊ ውስጥ ማለዳ በር ሲንኳኳ መጀመሪያ ምን እንደምናስብ ታውቃላችሁ። ወረቀቴን ከጠረጴዛ ላይ አንስቼ ነው የከፈትኩት። ፖሊስ አልነበረም። የማታ ክፍል የቀድሞ ተማሪዬ ነበር። ከኪሊፊ በሌሊት አውቶቡስ መጥቶ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ አንድ ጥቁር ፌስታል በደረቱ አቅፎ ቆሟል።

"ቲቸር፣ ይቅርታ፣ ከእንቅልፍህ ቀሰቀስኩህ" አለኝ። ገባ፣ ተቀመጠ፣ ፌስታሉን ፈታና አንድ የናስ ቱቦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ርዝመቱ ከመዳፌ ትንሽ ይበልጣል፤ ውስጡ ጥቁር ጎማ ተለብጧል፤ በአንድ ጎኑ በሴጌቶ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል።

"ይሄ ኩሽኔታ ነው። ይሄን ምን እንደበላው ንገረኝ። እኔ ነኝ የበላሁት እየተባልኩ ነው።"

ይህ ልጅ ከባሕር ዳር ነው። በልጅነቱ የጣና ታንኳ ላይ ያደገ፣ ውሃ የማይፈራ ልጅ። ፎርም 3 ላይ እያለ የትምህርት ቤት ክፍያ ሲያቅት አቋረጠና ከሞምባሳ ወደ ማሊንዲ በሚወስደው መንገድ ላይ ወዳለችው ኪሊፊ ሄደ። እዚያ በባሕሩ ገባር ዳር ጀልባ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ፉንዲ አሉ፤ ሁሉም "ምዜ" ነው የሚላቸው። ከእሳቸው ጋር ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። እናቱ እዚሁ ኢስትሊ እንጀራ ጋግረው ለሆቴል የሚያስረክቡ ሴት ናቸው። በየወሩ የሚልክላቸው ገንዘብ የቤት ኪራያቸው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የውጭ አገር ሰው ባለ ሸራ ጀልባ አለው። ዓምና የጀልባዋ የፕሮፔለር ዘንግ ኩሽኔታ አርጅቶ ተቀየረ። የቀየረው ይህ ልጅ ነው፤ ምዜ አዝዘውት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን የሠራው ሥራ ነበር። ዓመት ከጥቂት ወር ሳይሞላ ጀልባዋ ሞተሯ ሲነሳ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ሲፈቱት አዲሱ ኩሽኔታ ተበልቷል። እንዲህ ያለ ኩሽኔታ በደህና ጀልባ ላይ ብዙ ዓመት ያገለግላል። ባለጀልባው "ይሄ ስደተኛ ልጅ አጣሞ አስገብቶት ነው፣ ይክፈለኝ" አለ። የጠየቀው ገንዘብ የልጁ የሁለት ወር ደሞዝ ነው። ምዜ ደግሞ "አንተ ነህ የሠራኸው፣ አንተ መልስ ስጥ" ብለውታል።

እናቱ ይህን ሲሰሙ ምን አሉ? "ተወው፤ ሰው አገር ለፍተህ መጨረሻው ይሄ ከሆነ፣ ደላላው በሊቢያ በኩል ሰው እያሰባሰበ ነው፤ እኔ ተበድሬ ልላክህ።"

እንግዲህ ጠረጴዛዬ ላይ የተቀመጠው የናስ ቱቦ አልነበረም። የአንድ ልጅ ዕድል ነበር።

ቡና ጠጣንና ሥራ ጀመርን።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ ላስረዳችሁ። "ባለ ሸራ ጀልባ ሞተር ምን ያደርግለታል?" የሚል አይጠፋም። ነፋስ ሲጠፋ፣ ወይም በኮራል ድንጋይ መሃል ባለ ጠባብ መግቢያ ወደ ወደብ ሲገባ በሸራ ብቻ መተማመን አይቻልም። ስለዚህ ሆዷ ውስጥ ትንሽ ናፍጣ ሞተር አለ። ከሞተሩ ካምቢዮ፣ ከካምቢዮው ረጅም ዘንግ ይወጣል። ዘንጉ የጀልባዋን ሆድ በስቶ ውሃ ውስጥ ይወርዳል፤ ጫፉ ላይ ፕሮፔለሩ አለ። ዘንጉ በአየር ላይ እንዳይንጠለጠል ከፕሮፔለሩ አጠገብ ከጀልባዋ ሆድ ወደ ታች የወረደ የብረት እግር ይይዘዋል። የእግሩ ጫፍ ቀለበት ነው። ቀለበቱ ውስጥ ይህ ኩሽኔታ ይገባል፤ በኩሽኔታው ውስጥ ዘንጉ ይሽከረከራል።

እኛ ኩሽኔታ ስንል የለመድነው የመኪናውን ነው፤ የብረት ኳሶችና ግራሶ። የዚህኛው ቅባት ግን ራሱ ባሕሩ ነው። የውስጡ ጎማ ከዳር እስከ ዳር ቦይ ቦይ አለው። ጀልባዋ ስትሄድ ውሃ በቦዮቹ ያልፋል፤ ዘንጉ በስስ የውሃ ንጣፍ ላይ ይንሳፈፋል፤ አሸዋ ቢገባ ውሃው ጠርጎት ይወጣል። ግራሶም ዘይትም አይቀባም፤ ዘይት ጎማውን ያበላሸዋል። ፊዚክስ ክፍል ውስጥ "ሰበቃን በምን እንቀንሳለን?" ብዬ ስጠይቅ ሁሉም "በዘይት!" ይላል። ከዚህ በኋላ "በውሃም" የሚል ተማሪ እጠብቃለሁ።

ታሪኩም ደስ ይላል። የመጀመሪያዎቹ ባለ ፕሮፔለር የእንፋሎት መርከቦች ዘንጋቸው በብረት ኩሽኔታ ላይ ሲሽከረከር ቶሎ ቶሎ ይበላ ነበር፤ በበላው ቀዳዳ ውሃ ይገባል። በ1854 ጆን ፔን የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ መፍትሔውን በእንጨት አገኘው። እንጨቱ ሊግነም ቪቴ ይባላል፤ በካሪቢያን አካባቢ የሚበቅል፣ ውሃ ላይ የማይንሳፈፍ ከባድ ዛፍ ነው፤ በውስጡ የተፈጥሮ ቅባት አለው። ከዚያ ወዲያ ትልልቆቹ መርከቦች ለብዙ ዘመን በእንጨት ኩሽኔታ ውቅያኖስ አቋረጡ። የጎማው ደግሞ ከማዕድን ማውጫ የመጣ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ አሸዋማ ውሃ የሚስብ ፓምፕ ኩሽኔታው እየተበላ ያስቸገረው ሼርውድ የሚባል መሐንዲስ፣ ለጊዜው ይሁን ብሎ የጎማ ቱቦ ቁራጭ አስገባበት። ለጊዜው የተባለው ጎማ ከብረቱ በልጦ ኖረ። ለጊዜው ተብሎ መጥቶ መኖር እኛም እናውቅበታለን።

ወደ ልጁ ልመልሳችሁ።

"ከላይ የነበረው ጎን የትኛው ነው? ወደ ሞተሩ የነበረው ጫፍስ?" አልኩት። ይሄን ካላወቅን ቱቦው ዝም ያለ ምስክር ነው።

ቱቦውን አዞረው። ናሱ ላይ በሚስማር "ላ" እና "ፊት" ተብሎ ተጭሯል። "ከመፍታቴ በፊት ነው የጻፍኩት። አንተ አይደለህ ሥዕሉ ላይ ስም ያልጻፈ ነጥብ አያገኝም የምትለን?" አለኝ። ወገኖቼ፣ አስተማሪ ደሞዙን የሚቀበልበት ቀን ይኼ ነው።

ከትምህርት ቤት ያመጣሁትን ቬርኒየር ካሊፐር አወጣሁና የጎማውን ውፍረት በየቦታው ለካን፤ በደብተር ላይ ሰንጠረዥ ሠራን። በሞተሩ በኩል ባለው ጫፍ ላይኛው ጎን ተበልቷል፤ ታችኛው ደህና ነው። በፕሮፔለሩ በኩል ባለው ጫፍ ደግሞ ታችኛው ተበልቷል፤ ላይኛው ደህና ነው።

ኩሽኔታ በእርጅና ሲበላ ዙሪያውን ይበላል፤ በዘንጉ ክብደት ሲበላ ታች ታቹን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይበላል። ፊት ላይ ከላይ፣ ኋላ ላይ ከታች ከተበላ ግን ትርጉሙ አንድ ነው፤ ዘንጉና ኩሽኔታው በአንድ መስመር ላይ አልነበሩም። ዘንጉ በኩሽኔታው ውስጥ ያለፈው አጋድሎ ነው።

"እንግዲህ አጣሜ አስገብቼዋለሁ ማለት ነው?" አለ ልጁ፤ ድምፁ ተሰበረ።

"ቆይ" አልኩት። "ኩሽኔታው የሚገባው የት ነው?"

"ቀለበቱ ውስጥ።"

"ጠብቆ ነው ወይስ ላልቶ?"

"ጠብቆ። በጉልበት ነው የገባው።"

"ታዲያ አቅጣጫውን የሚወስነው እጅህ ነው ወይስ ቀዳዳው?"

ዝም አለ፤ ከዚያ ፈገግ አለ። ጠብቆ የሚገባ ቱቦ የቀዳዳውን አቅጣጫ ይይዛል እንጂ ጠማማ ሊገባ አይችልም። የናሱንም ጀርባ አየን። ቀለበቱ ላይ ኩሽኔታውን የሚይዙ ሁለት ትንንሽ ራስ አልባ ብሎኖች አሉ፤ ከመጠን በላይ ከጠበቁ ናሱን ወደ ውስጥ አጎብጠው ዘንጉን ያንቁታል። ናሱ አልጎበጠም። ይህም ከልጁ ላይ ወረደ።

የቀሩት ተጠርጣሪዎች ሁለት ናቸው። ወይ የብረት እግሩ ተጣሟል፤ ወይ ሞተሩ ከቦታው ወርዷል። የጀልባ ሞተር የሚቀመጠው በአራት የጎማ እግሮች ላይ ነው። ዘይትና ናፍጣ ሲንጠባጠብባቸው ይለሰልሳሉ፤ ቀስ እያሉ ይሰምጣሉ። ሞተሩ በፊት ቢዘቅጥ ዘንጉም አብሮት ያጋድላል። ዓይን አያየውም፤ ኩሽኔታው ግን ያውቀዋል።

"ዓምና ኩሽኔታውን ከቀየርክ በኋላ የሞተሩንና የዘንጉን መስመር ለክተሃል?" አልኩት።

አንገቱን ደፋ። "አልለካሁም። እንደሚለካም አላውቅም ነበር።"

"እሱ ጥፋትህ ነው" አልኩት። ልወደው ብዬ ልዋሸው አልፈለግኩም። "አጣሞ አስገባ የሚለው ሐሰት ነው። የድሮው ለምን እንደተበላ ሳይጠይቅ አዲስ አስገባ ቢሉህ ግን እውነት ነው። ሁለቱን ለይተህ ያዝ፤ አንዱን ተከራከር፣ ሌላውን እመን።"

እሁድ አረፍን፤ ሰኞ ከትምህርት በኋላ ዕቃ ፍለጋ ወጣን። ናይሮቢን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ የመኪና መለዋወጫ ከሆነ ኪሪንያጋ ሮድ ነው። ከኢስትሊ በ9 ቁጥር ማታቱ ወርደን ሱቅ ለሱቅ ዞርን። "የፕሮፔለር ዘንግ ኩሽኔታ" ስንል ሁሉም "አለ!" ይላል፤ የሚያወጣው ግን የማታቱ ነው። እውነታቸውን ነው፤ መኪናም ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻሌ የሚሄድ እንዲህ ያለ ዘንግ አለው፤ መሃሉ ላይ በጎማ የታቀፈ ኩሽኔታ ይይዘዋል። ሲበላም ጠባዩ ያው ነው፤ ከወንበራችሁ ሥር ይጎረብጣል፣ ይጮኻል። አንዱ ባለሱቅ ቱቦውን በእጁ አገላብጦ "ይሄ የየትኛው ኒሳን ነው?" ሲል ሳቅን።

አንዱ ደግሞ "25 ሚሊ ሜትር አለኝ፣ ያው ነው" አለ። ያው አይደለም። የጀልባዋ ዘንግ 1 ኢንች ነው፤ ማለትም 25.4 ሚሊ ሜትር። ልዩነቱ ግማሽ ሚሊ እንኳ አይሞላም፤ ነገር ግን ውሃ የሚያልፍበትን ስስ ክፍተት በልቶ ዘንጉን ያንቀዋል። ልካችንን ጻፍን፤ ውስጡ 1 ኢንች፣ ውጪው አንድ ተኩል ኢንች፣ ርዝመቱ 4 ኢንች። ትክክለኛው በኋላ የተገኘው ሞምባሳ ውስጥ የጀልባ ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ ነው።

ናይሮቢ ግን ባዶ እጁን አልሸኘችውም። ከኪሪንያጋ ሮድ አንድ ትንሽ መለኪያ ገዛንለት፤ እንደ መጽሐፍ ቅጠል የሚገለጡ፣ ውፍረታቸው የተጻፈባቸው ስስ ብረቶች። መካኒኮች የቫልቭ ክፍተት የሚለኩበት ነው። "ይሄ ጠበቃህ ነው" አልኩት። "ባለጀልባው ፊት ንግግር አታብዛ። እሱ ራሱ ይንካው፣ ይለካው።"

ማታ በአውቶቡስ ተመለሰ።

ቀሪውን በስልክ ነው የተከታተልኩት፤ እኔ ከኢስትሊ ሰገነት ላይ፣ ልብስ በተሰጣበት ሥር ቆሜ፣ እሱ ከባሕር ዳርቻ።

በኬንያ ጠረፍ ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ወይም ስትጠፋ ልዩነቱ ከሁሉም ይበልጣል፤ ወደ 3 ሜትር ይደርሳል። ክሬን ለመከራየት አቅም የሌለው ፉንዲ ይህን ይጠቀማል፤ በሙላቱ ጀልባዋን ወደ ዳር ያስጠጋና ከቆሙ ግንዶች ጋር ያስራታል። ውሃው ሲሸሽ ጀልባዋ በደረቅ ትቆማለች። ውሃው እስኪመለስ ድረስ ያለው ጥቂት ሰዓት የሥራ ሰዓት ነው። ምዜ "ሳዓ ንኔ" እንጀምራለን ሲሉት ልጁ ማስላት አላስፈለገውም፤ የስዋሂሊ ሰዓት አቆጣጠር እንደኛው ነው፤ አራት ሰዓት ማለት ረፋድ አራት ሰዓት ነው።

ዘንጉ ቀደም ሲል ወጥቶ ቀዳዳው በጨርቅ በተጠቀለለ የእንጨት ውታፍ ተደፍኗል። ያ ውታፍ ካልያዘ ጀልባዋ ትሰምጣለች። ስለዚህ ውሃው ከመመለሱ በፊት ወይ ዘንጉ ገብቶ መዘጋት አለበት፣ ወይ ውታፉ መመለስ አለበት። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ነው እንዲህ ያለ ጉድለት የሚገኘው።

ሁለቱን ትንንሽ ብሎኖች መጀመሪያ አላላ። ዓምና ከቀለም ሥር መኖራቸውን ሳያውቅ ግማሽ ቀን በመዶሻ ሲደበድብ ውሎ ነበር። የቀለበቱን ውስጥ አጸዳ። አዲሱን ኩሽኔታ ከዓሣ አጥማጆች በተገዛ በረዶ ውስጥ ከሌሊት ጀምሮ ቀብሮታል። ይህን ክፍል ውስጥ አስተምሬዋለሁ፤ ብረት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። 38 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ናስ በ30 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ የሚቀንሰው 0.02 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት ሲሶ ያህል። ምንም አይመስልም። ግን ቱቦው ያለ መዶሻ እንዲገባ ያደረገው ያ ሲሶ ፀጉር ነው። ረጅም ብሎን በመሃሉ አሳልፎ፣ በሁለቱ ጫፍ ሮንዴላና ዳዶ አድርጎ፣ ዳዶውን ሲያጠብቅ ኩሽኔታው ቀስ እያለ ቀለበቱ ውስጥ ገባ። ጎማውን በፈሳሽ ሳሙና አራሰ፤ ዘንጉን መሪውን ወደ ጥግ አዙሮ በጎኑ አሳለፈው።

ቀኑ 8 ሰዓት ላይ የድምፅ መልእክት መጣልኝ። ከበስተኋላው የውሃ ድምፅ ይሰማል። "ቲቸር፣ ገባ። ውሃው እግሬ ጋ ደርሷል።"

ዋናው ነገር ግን በማግስቱ ነው። ጀልባ ደረቅ ላይ ስትቆም ሆዷ ቅርፁን ትንሽ ይቀይራል፤ ስለዚህ የሞተርና የዘንግ መስመር የሚለካው ውሃ ላይ ስትንሳፈፍ ነው። ካምቢዮውና ዘንጉ የሚገናኙት እንደ ሁለት ሳህን ፊት ለፊት በሚጋጠሙ ክብ ብረቶች ነው። ብሎኖቻቸውን አላላና ሳህኖቹን አቀራረባቸው። መስመሩ ትክክል ከሆነ መሃላቸው ያለው ክፍተት ከላይም ከታችም ከግራም ከቀኝም እኩል ይሆናል። ለ4 ኢንች ሳህን የሚፈቀደው ልዩነት 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው።

ባለጀልባውን ጠራውና መለኪያውን በእጁ ሰጠው። ሰውየው ራሱ ለካ። ከታች ስሱ ቅጠል ብቻ ገባ። ከላይ ወፍራሙም ገባ። ልዩነቱ 0.8 ሚሊ ሜትር። ከሚፈቀደው ስምንት እጥፍ። ባትሪ አብርተው ሞተሩ ሥር ሲያዩ ከፊት ያሉት ሁለቱ የጎማ እግሮች በናፍጣ ርሰው ተሰነጣጥቀው ቁጭ ብለዋል።

ባለጀልባው ብዙ አልተናገረም። "እግሮቹን እቀይራለሁ" አለ። ይቅርታ አልጠየቀም፤ የጠየቀውን ገንዘብ ግን ደግሞ አላነሳም። ልጁ በበኩሉ "ዓምና መለካት ነበረብኝ፤ የኩሽኔታውን ዋጋ ግማሽ ከደሞዜ ቁረጡ" አላቸው ለምዜ። ምዜ ቆረጡ። ቅር አላለውም፤ እኔም ቅር አላለኝም። ያላጠፋውን ቢከፍል ተዋርዶ ነበር። ያጠፋውን ሲከፍል ግን ባለሙያ ሆነ።

አሁን ወደ ቤታችን ልግባ።

እኛም ሰፈር ኩሽኔታ ይበላል። አንዱ ልጅ ትምህርት ያቋርጣል፤ "ጫት አበላሸው" እንላለን። ሌላዋ ያለ ወረቀት ስትሠራ ደሞዟን ትከለከላለች፤ "ለምን እዚያ ገባች?" እንላለን። ሌላው በጀልባ ይወጣና ስሙን በመርዶ እንሰማለን። ከዚያ ሌላ ልጅ እዚያው ቦታ እናስገባለን። ይኼኛውም ሲበላ እንገረማለን። ልጁ ጥፋት የለበትም እያልኩ አይደለም፤ ለተማሪዬ ያልኩትን ለሁላችሁም እላለሁ፤ የራስን ማመን ግድ ነው። ግን ተራ በተራ በአንድ ጎን የሚበላ ልጅ ስታዩ፣ ሞተሩ የተቀመጠበትን እግር እዩ።

የሰመጠው እግራችን አንዱ መጠበቅ ነው። በጃንዋሪ 2025 አሜሪካ የስደተኛ ቅበላዋን ስታቆም ሻንጣቸውን የቋጠሩ ሰዎች እዚሁ ቀሩ። አንዳንዱ ቤቱን ለቅቆ፣ ዕቃውን ሸጦ ነበር። "ኬዜ እስኪያልቅ" እያልን ዓመታችንን ሁሉ በአንድ እግር ላይ ስላስቀመጥን፣ እግሩ ሲሰምጥ ሁላችንም አጋደልን። መጠበቁን ተዉ አልልም፤ እኔም ጠባቂ ነኝ። ግን ቆመን እየጠበቅን እጃችን ሥራ ይማር።

ሌላው የሰመጠው እግር ወረቀት የሌለው ሙያ ነው። በ2021 የወጣውና ከፌብሩዋሪ 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የኬንያ የስደተኞች ሕግ፣ ዕውቅና ያለው ስደተኛ ሠርቶ የመኖር መብት እንዳለው ይናገራል፤ ሙያ ለመሥራት ግን ብቃቱ እዚህ አገር ባለው አካል የታወቀ መሆን አለበት። በተግባር የሥራ ፈቃድ ማግኘት ቀላል እንዳልሆነ እናንተም እኔም እናውቃለን። ቢሆንም "እኔ መካኒክ ነኝ" የሚል አፍና "ይኸው ወረቀቴ" የሚል እጅ አንድ አይደሉም። ኒታ የሚባለው የኬንያ መንግሥት የኢንዱስትሪ ሥልጠና ባለሥልጣን የሙያ ፈተና ይሰጣል፤ ከግሬድ 3 ተጀምሮ ወደ 2 እና 1 ይወጣል። በጋራዥ፣ በብየዳ፣ በኤሌክትሪክ፣ በስፌት ዓመታት የሠራችሁ ሰዎች እጃችሁ ያውቃል፤ የሚቀረው ማስመስከር ነው። ተማሪዬ ያን ቀን ያዳነው እውቀቱ ብቻ አልነበረም፤ ባለጀልባው በእጁ የያዘው መለኪያ ነው።

የልጁን እናት ባለፈው እሁድ አገኘኋቸው። የጀልባውን ነገር ነገርኳቸው። በጥሞና ሰሙኝና "ታዲያ ጀልባ ከጠገነ ዘንድ እሱስ ለምን በጀልባ አይሄድም?" አሉኝ። ቀልዳቸው መሆኑን ሳላውቅ ደነገጥኩ። ከዚያ እሳቸውም ዝም አሉ። በኦክቶበር 2013 ላምፔዱዛ አጠገብ ከ360 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ወንድሞቻችን፣ ያለቁባት ጀልባ ሞተሯ ቆሞ ነበር። ለምልክት የተለኮሰ እሳት ሲነሳ ሕዝቡ ወደ አንድ ጎን ሸሸ፤ ጀልባዋ ተገለበጠች። በኦገስት 2025 ደግሞ የመን አብያን ዳርቻ የእኛው ልጆች የተሳፈሩባት ጀልባ ተገለበጠች። እነዚያን ጀልባዎች ከመነሳታቸው በፊት ፕሮፔለራቸውን ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቆ ያየ ሰው ነበር? ደላላ ኩሽኔታ አይፈትሽም።

ይህን ለእናቱ አልኳቸው። "ለእሱም ንገረው" አሉኝ።

ነገርኩት። ምን አለኝ? "ቲቸር፣ አልሄድም ብዬ አልምልልህም። ግን አሁን በያዝኩት ሥራ ላይ ሌላ ጀልባ መጥቶልናል፤ እሱን ሳልጨርስ አልሄድም።" አልዋሻችሁም፤ መልሱ ይኼ ብቻ ነው። እኔ ለጊዜው ይበቃኛል። ለጊዜው የተባለ ጎማ ስንት ዘመን እንደኖረ ነግሬያችኋለሁ።

አሮጌው ኩሽኔታ እኔ ጋ ቀርቷል። ዛሬ የማታ ክፍል ይዤው ገብቼ ከእጅ ወደ እጅ አዞርኩትና "ይሄን ማን በላው?" ብዬ ጠየቅኩ። ሃያ ደቂቃ ተከራከሩ። አንዲት ልጅ በመጨረሻ እጇን አውጥታ "መጀመሪያ የትኛው ጎን ላይ እንደነበረ ንገረን" አለች።

ወገኖቼ፣ ሁለት ነገር ልለምናችሁ። የኒታ ፈተና የወሰዳችሁ ሰዎች እንዴት እንደተመዘገባችሁና ምን እንዳጋጠማችሁ ከዚህ ሥር ጻፉ፤ ሌላው ይማርበታል። ሙያ ያላችሁ፣ መካኒክም ቶርኖም ኤሌክትሪክም፣ በሳምንት አንድ ማታ መጥታችሁ ልጆቹን ልታሳዩልኝ የምትችሉ በውስጥ መስመር አግኙኝ። የምከፍላችሁ የለኝም፤ ቡናው ግን ከእኔ ነው።

ሰላም እደሩ።